ተሳስቶ የመጣ ድስት

እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለቤታችን ቁንጥንጥ፤

እንዴት ከርመሃል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን "ደህና ነን" ግን እንደ ወትሮው በዓይንህ አትለፈው፤ ዛሬ እዘረዝርልሃለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። "እትዬ፣ ስለ አባባ በጠየቅኩሽ ቁጥር ደህና ነው ብለሽ ታልፊያለሽ፤ እባክሽ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ጻፊልኝ" ያልከውን አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት፣ መልሼ ከተትኩት። ልደብቅህ ፈልጌ አይደለም። እውነቱ ራሱ በየሳምንቱ እየተለወጠ መያዣ መጨበጫ አሳጣኝ። አሁን ግን የሚጻፍ ነገር ሆኗልና ተመቻችተህ ተቀመጥ፣ ረጅም ነው።

ከኑሮው ልጀምር፤ የሁሉም ነገር መነሻ እሱ ስለሆነ። ገበያው እሳት ሆኗል። ዛሬ የጠየቅኩትን የዘይት ዋጋ ነገ ተመልሼ ብጠይቅ ባለሱቁ ከሌላ ዓለም እንደመጣሁ አድርጎ ያየኛል። የማብሰያ ጋዝ ሲያልቅብን ድሮ "ሲሊንደሩ አለቀ" ብለን ከደረጃው ላይ እንጮህ ነበር፤ አሁን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ቤት ውስጥ ሰው እንደታመመ ነው የምንነጋገረው። ሻይ በቀን አንዴ ይፈላና ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል፤ ማታ የሚጠጣው የጠዋቱ ነው። ዘይት በጠርሙሱ ክዳን እየተለካ ይፈስሳል። መጥበስ የሚባለውን ነገር ትተነዋል፤ እንቁላል እንኳ ሲገኝ ከድንቹ ጋር አብሮ ይቀቀላል። ልጄ ሚጢጢ ገላዋን የምትታጠበው ከሰዓት ነው፤ ባልዲው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ስለሚውል። "የፀሐይ ውኃ" ትለዋለች፣ ለጓደኞቿም እንደ ትልቅ ነገር ታወራዋለች።

አማችህ ዕቃ የሚያመላልስባትን ፒክአፕ ታውቃት የለ? ነዳጅ ከጨመረ ወዲህ ጡሩምባዋን እንኳ የሚቆጥብ ይመስለኛል። መጀመሪያ ላይ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ሞተር አጥፍቶ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። አባባ ይህን ሰማና መንገድ ላይ አስቆመው። "ስማ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ሰው ላይ ጭረት አላደረስኩም። አንተ ለግማሽ ሊትር ብለህ ልጄን ያለ ባል ልታስቀራት ነው?" አለው። አማችህ "ኧረ አባባ፣ እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው፣ አይስጉ" ቢለው፣ "ቀስ የሚል ቁልቁለት አይቼ አላውቅም" ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ "ባልሽ ተፈወሰ" በለኝ። አሁን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ሁለትና ሦስት ደንበኛ ካልተገኘ መኪናዋ አትነሳም፤ የቀረውን በእግሩ ነው። ቦርጩ ጠፍቷል። አንዳንዴ በር ከፍቶ ሲገባ በሠርጌ ቀን ያየሁት ሰውዬ የተመለሰ ይመስለኛል፤ ነዳጁን የማመሰግነው ለዚህ ብቻ ነው።

መጋረጃ ቤታችንም ያው ነው። ድሮ ሰው አዲስ ሊያሰፋ ነበር የሚመጣው። አሁን ፀሐይ የበላውን መጋረጃ ይዞ ይመጣና "የውስጡን ወደ ውጭ አድርገሽ ስፊልኝ" ይለኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ሳገላብጥ እውላለሁ። አሠሪዬ ትነጫነጫለች፣ ግን እሷም የራሷን ሳሎን መጋረጃ አስገልብጣለች። የሚተርፈውን ቁርጥራጭ እያጠራቀምኩ ለሰፈሩ የድስት መጠቅለያ እሰፋበታለሁ። የድስት መጠቅለያ ምን እንደሆነ አሁን እነግርሃለሁ፣ የታሪኩ ሆድ እዚያ ነው።

ጥጉ ላይ ያለውን ዳቦ ቤት አትረሳውም፤ ግድግዳው ሞቅ ስለሚል እየተደገፍከው የቤት ሥራህን የምትሠራበት። ባለቤቱ ያው ጋሼ ዱቄት ነው፣ ቅንድቡ ድረስ ነጭ የሆነው ሰውዬ። ምድጃው የጡብ ስለሆነ የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ካለቀ በኋላም እስከ ምሳ ድረስ ሙቀቱ አይለቀውም። ያ ሁሉ ሙቀት ስንት ዘመን ለግድግዳ ሲባክን ኖሯል። አንድ ጠዋት ከእኛ በላይ ያለችው ነርስ ከሥራ ስትመለስ ባዶ ሲሊንደሯ ትዝ አላትና ባቄላ የሞላ ድስት ይዛ ሄደች። "ጋሼ፣ ይቺን ምድጃህ ውስጥ ጣል አድርግልኝ፤ ባትበስል እንኳ ትሞቃለች" አለችው። ምሳ ላይ ባቄላው በምላስ የሚፈጭ ሆኖ ወጣ። በነጋታው ሌላ ሰው ድስት ይዞ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። አሁን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይዞ የሚወጣውና ድስት ይዞ የሚገባው በሩ ላይ ይጋፋል።

ጋሼ ዱቄት ክፍያ አይቀበልም። "የምሸጠው ዳቦ ነው፣ ሙቀት አልሸጥም" ይላል። የሚፈልገው የድስቱ ክዳን በሽቦ እንዲታሰርና ከምድጃ ሲወጣ ሳይቀዘቅዝ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ባለቤቱ እንዲያመጣ ብቻ ነው። ያን ጨርቅ ነው እኔ የምሰፋው። ምሳ ሰዓት ላይ መደርደሪያውን ብታየው የሰፈሩ መጋረጃ ሁሉ ድስት ለብሶ ተቀምጧል። አበባ ያለበት የነርሷ ነው፣ ባለመስመሩ ከአባባ ክፍል ሥር ጎማ የሚጠግነው የጎሚስታው። የእኛ አረንጓዴ ነው።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። የሚኖረው እዚያችው ከጎሚስታው በላይ ያለችው ክፍሉ ውስጥ ነው። እማማ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ኑር ብለን ስንቴ ለመንነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ጡረታው አንድ ቦታ ቆሞ ዋጋው ሲሮጥ መጀመሪያ ጋዜጣውን ተወ። ከዚያ ፀጉር ቤት መሄድ ተወና በራሱ መቀስ መከርከም ጀመረ፤ ኋላውን ስለማያየው ሳየው የሚያመኝ እኔ ነበርኩ። ጡረተኛ ሹፌር አውቶቡስ በነፃ እንደሚሳፈር ታውቃለህ። እሱ ግን "ነዳጅ በተወደደበት ጊዜ ከፋይ ሰው ቆሞ እኔ አልቀመጥም" ብሎ የከተማውን ግማሽ በእግሩ ይሄዳል።

ያሳሰበኝ ግን ምግቡ ነው። ድሮ እሁድ ምሳው ከእኛ ጋር ነበር። ኑሮ ሲከብድ ከምሳ በኋላ መምጣት ጀመረ። "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። ስንጥሯን ከቤቱ ይዟት እንደሚመጣ የገባኝ ቆይቼ ነው። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። ሌላ ቀን ሌላ ቀዳዳ አየሁ። ምግብ ቋጥሬ ብልክለት ሳህኑን አጥቦ መለሰልኝና "ጎሚስታው እጅሽ ይባረክ ብሎሻል" አለኝ። ምን ታደርገዋለህ? ሰውዬው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሰው የለመነው፤ እሱም ለአንተ ነበር። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የአውቶቡስ ድርጅቱ አለቃ በር ላይ ቆሞ ሥራ ለመነልህ፣ አንተ ደግሞ ሥራ በምትጀምርበት ጠዋት ሳትሰናበተው አገር ጥለህ ሄድክ። ልወቅስህ አይደለም ወንድሜ፤ ለምን እንደሄድክ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ አንዴም ስላንተ ጠይቆ አያውቅም። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብለት ወደ መስኮቱ ዞሮ ውጭ ውጭውን ያያል፣ መጋረጃው ተዘግቶም ቢሆን።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ድስት ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ደስታዬን አትጠይቀኝ። የያዘው የእማማን ድስት ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ገዝታ አንዱን ለእኔ በሠርጌ እንደሰጠችኝ ታስታውሳለህ።

"ምን ጣድክ አባባ?" አልኩት።

"ቅልጥም" አለ፣ ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ። "ቅልጥም ደግሞ እንዲህ ያለ ዝግ ያለ ሙቀት ነው የሚፈልገው፤ በጋዝ የተጣደፈ ቅልጥም ቅልጥም አይደለም።"

በነጋታውም መጣ። አንድ ቀን የበግ ሥጋ ነው ይላል፣ አንድ ቀን ምስር በሥጋ። ነርሷ "የጡረታ ደመወዝ ለብቻህ ጨመሩልህ እንዴ?" ብላ ስትቀልድበት በኩራት ፈገግ ይል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ከዚያው ከአረንጓዴው መጋረጃ ቀድጄ መጠቅለያ ሰፋሁለት። "አባባ ደህና ነው፣ እንዲያውም ከእኛ የተሻለ ይበላል" ብዬ የጻፍኩልህ ያን ሰሞን ነው።

እንግዲህ ሁለት መንትያ ድስት፣ ሁለት አንድ ዓይነት ጨርቅ። አንድ ቀን አማችህ ምሳችንን ከዳቦ ቤት ይዞ መጣ፣ ማዕድ ቀረበ፣ ሽቦውን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ። ውኃ ነው። ጨው የገባበት ውኃ፣ ሥሩ ላይ ለአራት የተቆረጠች አንዲት ድንች፣ ከላይ የምትንሳፈፍ የካሮት ቁራጭ።

"ዱቄት ባቄላችንን በልቶ ድስቱን አለቅልቆ ነው የላከልን" ብሎ አማችህ ሳቀ። ሚጢጢም "እማዬ፣ ወጡ ታጥቧል" አለች። እኔም አብሬ እየሳቅኩ ድስቱን ላነሳ ስል እጀታው ሥር ያለውን ስርጉድ አየሁት፤ አንተ በልጅነትህ ደረጃ ላይ ጥለኸው የተሰረጎደውን።

ቅልጥሙ ይህ ነበር። የበግ ሥጋውም ይህ ነበር።

አለቀስኩ ወንድሜ። ልጄ ፊት፣ ምንም ሳልደብቅ አለቀስኩ። ያቺን አንዲት ድንች በውኃ አድርጎ፣ ክዳኗን በሽቦ አጥብቆ አስሮ፣ በሰው መሐል አንገቱን ቀና አድርጎ ተሸክሟት ሲሄድ ታየኝ። አማችህ ወዲያው ተነሳ፤ "ዕቃ ስጪኝ፣ ያለንን ጨምሬ ልውሰድለት" አለ። ጎትቼ አስቀመጥኩት። ብንሄድበት እንዳወቅንበት ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ነገ ድስቱን ይዞ አይወጣም፣ ምናልባት ጭራሽ በሩንም አይከፍትልንም። ያንን ሾርባ በዳቦ እያጠቀስን በላነው። ሚጢጢ ሳትቀር በላች።

በነጋታው ጠዋት ቀድሞኝ ሰልፉ ላይ ነበር። ድስቴን አጥቦ፣ ጨርቁን አጣጥፎ ሰጠኝ። ፊቴን አላየም።

"ትናንት ይሄ ዱቄታም ተሳስቶ ያንቺን ሰጠኝ" አለ።

"እኛ ቤትም ያንተ ነው የመጣው።"

"ልመልሰው ብል ሊቀዘቅዝ ሆነ።"

"እንኳን አልመለስከው።"

"ጨው አብዝተሻል።"

"እሺ አባባ።"

ሰልፉ ፈቀቅ አለ፤ እኛም ፈቀቅ አልን። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቀጥ ብሎ እያየኝ፣ "ቅልጥሙን አገኛችሁት?" አለኝ።

እግሬ ሥር ያለውን መሬት አየሁ፣ እሱን አየሁ።

"ሚጢጢ ናት የጋጠችው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "ይሁን" አለ፣ "ለልጅ ጥሩ ነው።" ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። ሁለታችንም ድስታችንን አስረክበን በየፊናችን ሄድን።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ጋሼ ዱቄት ዘንድ ጎራ አልኩ። "ጋሼ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ተሳሳትልኝ" አልኩት። ቅንድቡን ሲያነሳው ዱቄት ረገፈ። "እኔን ነው? አንቺ ልጅ፣ አንድ ፍሬ ዳቦ ጎደለብኝ ያለኝ ሰው የለም፤ በስተርጅና ስሜን ልታጠፊው ነው?" አለኝ። ምክንያቱን ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አወዛወዘ። "ተይው። ድስቶቹን የማነሳው እኔ አይደለሁ? ክዳን ቢታሰር ክብደት አይታሰርም። ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።" ይህን ጊዜ ነገሩ ብልጭ አለልኝና "ታዲያ ትናንት እውነት ተሳስተህ ነው?" ብዬ ብጠይቀው ወደ ምድጃው ዞሮ አመድ መጥረግ ጀመረ። አጠራረጉን ብታይ የሚጠረግ አመድም አልነበረም።

እንዲህ ሆነና ሰውዬው እንደ ቃሉ ይሳሳትልን ጀመር። አንድ ቀን ትክክል፣ አንድ ቀን ስህተት፣ አባባ ወረፋውን እንዳይለየው እያምታታ። ለዚህ የከፈለውን አታውቅም። ሰፈሩ "ዱቄቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ" እያለ ይስቅበታል። ነርሷ ድስቷ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰረች፤ ጎሚስታው በቀለም ቁጥር ጻፈበት። እሱ "እርጅና ነው፣ ምን ላድርግ" ይልና ለእኔ በጎን አንዷን ቅንድቡን ያነሳልኛል።

እኔ ያሰብኩት አባባን በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ እንኳ የቤቴን ምግብ ላበላው ነበር። ያላሰብኩት ደግሞ መጣ። ሁለተኛው የስህተት ድስት ሲከፈት ድንቹ በርክቷል፣ ሽንኩርትም ገብቶበታል። ቀጥሎ የመጣው ምስር ነበር። ከዚያ ጥቅል ጎመን በካሮት፤ ካሮቱን መላጥ እንዳለበት የነገረው ሰው የለም እንጂ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን እውነተኛ ሥጋ አገኘን፣ ጣት የምታክል፣ ለሦስት ተከፍላ የተቆረጠች። ያኔ ገባኝ። ድስቱ ተሳስቶ የልጅ ልጁ ፊት እንዳይከፈት ሰግቷል። የትኛው ቀን እንደሚሳሳት ስለማያውቅ ደግሞ በየቀኑ የሚበላ ነገር መሥራት ግድ ሆነበት። ባልተሳሳተ ቀን ያንኑ ራሱ ይበላዋል። ለራሱ ሲሆን ውኃ የሚያፈላ ሰው ለእኛ ሲሆን ሽንኩርት ይከትፋል። ጉንጩ ሞላ፣ ደረጃ ሲወጣ ማረፍ ቀነሰ። ጎሚስታው ሲነግረኝ ጠዋት ጠዋት ከላይ የመክተፊያ ድምፅ ይሰማል፤ "አባትሽ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?" አለኝ።

አሁን ያለፈውን ሐሙስ ልንገርህ። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ጉንፋን ጥሎኝ ከአልጋ አልተነሳሁም። አማችህ ራቅ ወዳለ ቦታ ዕቃ ይዞ ሄዷል። ስለዚህ ዳቦ ቤት ድስት የላከ ሰው የለም፤ ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳቦና የፔርሙዝ ሻይ ሰጥቻት ተቀምጠናል። በሩ ተንኳኳ። አባባ ነው፤ አረንጓዴውን ጥቅል በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። ሰልፉ ላይ ሲያጣኝ ነርሷን ጠይቆ ነው ያወቀው፣ በኋላ እሷ ነገረችኝ።

"ያ ዱቄታም ዛሬም ተሳሳተ" አለ። "የእናንተን ሰጠኝ።"

"አያቴ፣ እኛ እኮ ዛሬ ድስት አል..." ብላ ሚጢጢ ስትጀምር ዳቦውን አፏ ውስጥ ከተትኩባት።

"አይ ጋሼ ዱቄት" አልኩ። "ግባ አባባ።"

ገባ። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሽቦውን ራሱ ፈታው። ባቄላ በድንች፣ ሥጋም አለው፤ ካሮቱ ተልጧል። ለአንድ ሰው የተሠራ አልነበረም። ሳህን ሳቀርብ ለእሱም አንድ አቀረብኩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። የሸሚዙን ኪስ ሲዳብስ አየሁት፤ ስንጥሯን ፍለጋ መሰለኝ። አልያዛትም። "እስቲ ትንሽ ልቅመስ" ብሎ ተቀመጠና ሁለት ሳህን በላ። ወንድሜ፣ አባባ በቤቴ ማዕድ ሲበላ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ትኩሳቴንም ረሳሁት።

"ሥጋ እንዴት ተወዷል በዚህ ሰሞን" አልኩ፣ ወሬ ለማውራት ያህል።

"አታንሽው" አለ። "ለመቃብሬ ያስቀመጥኳት ትንሽ ነገር ነበረችኝ፣ ማንንም እንዳላስቸግር። እሷን እየቆነጠርኳት ነው። እንግዲህ መሞቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ።"

ሚጢጢ ሳቀች። እኔ ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝና ሳልኩ፤ ጉንፋኑ ጠቀመኝ። እሱ ሳህኑን በዳቦ ጠረገ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው። ደብዳቤህ ሲነበብ እንደሚያደርገው ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እሱስ?" አለ።

"ማን?" አልኩት። ማን እንደሆነ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ከአፉ መስማት ፈለግኩ።

"ልጄ ነዋ" አለ። "እዚያም ኑሮው እሳት ነው ይላሉ። ማሞቂያውም፣ ምግቡም። ማን ያበስልለታል? ምን ይበላል?"

"እኔ እንጃ አባባ" አልኩት። "ሁልጊዜ የሚጽፈው ደህና ነኝ ብቻ ነው።"

ማንኪያውን አገላበጠ።

"ደህና ነኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ" አለ፣ "እኔ አውቃለሁ።"

ከዚያ ተነስቶ ድስቱን አጠበ፣ ጨርቁን አጣጠፈ፣ ግንባሬን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ "ጻፊለት" አለኝ።

ይኸው ጻፍኩልህ። የጠየቅከኝን እውነት ሳልቆነጥር ነገርኩህ፤ አሁን ተረኛው አንተ ነህ። አባትህ ምን ትበላለህ ይልሃል። አንድ ድንች በውኃ ከሆነ አንድ ድንች በውኃ ነው ብለህ ጻፍ። ኮት ለብሰህ የምትተኛ ከሆነም ጻፍ። ቅልጥም ነው እንዳትለው፤ ያን ውሸት ፈጣሪው እሱ ራሱ ነው፣ ከሩቅ ያሸተዋል። ለእኔ አትጻፍ፣ ለእሱ ጻፍ፤ ፖስታው ላይ የሱን ስም አድርገህ፣ ከጎሚስታው በላይ በል፣ ይደርሰዋል። አነባለሁ ካለ እሱ ያንብበው። መነጽሩ ከደከመ ሄጄ አነብለታለሁ፣ መጋረጃውንም እከፍትለታለሁ።

እኔ ተሽሎኛል። አማችህ ሰላም ብሎሃል። ሚጢጢ "አጎቴን የፀሐይ ውኃ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ብላኛለች። ባለህበት ጤና አይለይህ፤ የሚሞቅ ቤትና አብሮህ ከአንድ ሳህን የሚበላ ሰው ይስጥህ፤ እማማ ብትኖር የምትመርቅህን ሁሉ እኔ መርቄሃለሁ። እወድሃለሁ ወንድሜ። እሱም ይወድሃል።

እህትህ፣
እትዬ